ለሕፃናት በእጅ የሚሰፋ ስጦታ

በሀገራችን ሕፃን በተወለደ ጊዜ ዘመድና ጎረቤት ባዶ እጁን ወደ አራስ ቤት አይገባም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው መልካም ቃል ከቅቤው፣ ከማሩና ከገንፎው ጋር አብሮ ይሄዳል። ወንዱ በ40 ቀን፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና በሚነሡበት ዕለት፣ በሙስሊም ወገኖቻችንም ዘንድ በሰባተኛው ቀን የዐቂቃ ድግስ በሚደረግበት ጊዜ፣ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በዒድ፣ ለሕፃኑ ስጦታ ይዞ መቅረብ የተወደደ ልማድ ነው።

በመሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የሚውል ሰው ይህ ቀን ሲደርስበት የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ከሥራ ሲወጣ ወደ ሱቅ ጎራ ይልና የፕላስቲክ መጫወቻ፣ ወይም በሚያብረቀርቅ ጌጥ የተሸፈነ ልብስ ገዝቶ ይሄዳል። ይህን ለመንቀፍ አልተነሣንም። ነገር ግን በቤት ውስጥ መርፌ፣ ክርና አንድ ክንድ ያህል ጨርቅ ካለ፣ በሁለት ወይም በሦስት ምሽት ከሱቁ የተሻለ ነገር መስፋት እንደሚቻል ለማስረዳት እንወዳለን። የተሻለ የምንልበትን ሚዛን ግን አስቀድሞ መግለጽ ይገባናል። ለሕፃን የሚሰፋ ነገር የሚመዘነው በእንግዶች ዓይን አይደለም፤ በሕፃኑ ቆዳ፣ በሕፃኑ አንገትና በሕፃኑ አፍ ነው። በእነዚህ በሦስቱ ያልተመዘነ ስፌት፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ አደጋ ሊሆን ይችላል።

ምሳሌያችንን ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ ይልቁንም ከአዳማ እንውሰድ። ናዝሬት በሚለው ስሟም የምትታወቀው አዳማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። መንገዱ አጭር ቢሆንም የአየሩ ልዩነት ብዙ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ለአዳማ አራስ ወፍራም የሱፍ ሹራብና ጆሮ የሚሸፍን ቆብ ይዞ የሚወርድ ሰው፣ ያመጣው ስጦታ ለሕፃኑ ሳይሆን ለራሱ አገር ብርድ የተሠራ ነው። የሕፃን ገላ ሙቀቱን እንደ ዐዋቂ ሰው ገላ አስተካክሎ መያዝ አይችልም፤ ላቡም ከልብሱ በታች ታምቆ ሲቀር በአንገቱ፣ በብብቱና በጀርባው ላይ ቀያይ ሽፍታ ያወጣበታል። ናይለንና ናይለንን የመሰለ ጨርቅ ላቡን አይጠጣም። ጥጥ ግን ላብ ይጠጣል፤ አየርም ያሳልፋል። ጥጥ ደግሞ በአዋሽ ሸለቆ መስኖ ሲለማ የኖረ ስለሆነ ለዚያ አገር እንግዳ አይደለም።

እንግዲህ በቆዳ ሚዛን ሲታይ ለሕፃን ልብስ የሚመረጠው ስስ ጥጥ፣ ይኸውም ፖፕሊን፣ አቡጀዲ፣ ወይም ብዙ ጊዜ ታጥቦ የለሰለሰ አሮጌ ነጠላ ነው። አዲስ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት በሙቅ ውኃ መታጠብ አለበት፤ አቡጀዲ ሲታጠብ ያጥራልና፣ ሳያጥቡ የሰፉት ቆብ በመጀመሪያው እጥበት ከራስ አልገባ ይላል። በተጨማሪም በፋብሪካ የተቀባው ማጠንከሪያ ታጥቦ ይወጣለታል።

ለአዳማ፣ ለሞጆ፣ ለመቂ ወይም ለባቱ ሕፃን ከሁሉ የሚጠቅመው የፀሐይ ባርኔጣ ነው። የአንድ ዓመት ልጅ የራስ ዙሪያ በአማካይ 45 ወይም 46 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ሆኖም የልጁን ራስ በሜትር መለካት ይሻላል። ለምሳሌ 46 ቢሆን፣ እንዳያጠብቅ 2 ሳንቲሜትር ይጨመርና 48 ይሆናል። ይህን ለ6 ቢያካፍሉት ለእያንዳንዱ ቁራጭ ግርጌ 8 ሳንቲሜትር ይደርሳል፤ ለስፌት በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሳንቲሜትር ሲጨመር 10 ይሆናል። ቁመቱ 16 ሳንቲሜትር፣ ጎኑ በመጠኑ ወደ ውጭ የጎበጠ ሦስት ማዕዘን በወረቀት ላይ ይነድፉና ስድስት ጊዜ ይቁረጡ። አንብበው የጨረሱት የጋዜጣ ገጽ ለዚህ ንድፍ ይበቃል። ስድስቱ ቁራጮች ጎን ለጎን ሲሰፉ የባርኔጣውን አናት ያወጣሉ። ክፈፉም ስፋቱ 6 ሳንቲሜትር የሆነ ክብ ቀለበት ሆኖ በድርብ ጨርቅ ይቆረጣል፤ ለስፌት የሚገባው እዚህም ይጨመርለታል። የቀለበቱ የውስጥ ዙሪያ ከአናቱ ግርጌ ጋር መግጠሙን አስቀድሞ በወረቀት መሞከር ብልህነት ነው።

በዚህ ላይ አዳማ አንድ ችግር ታመጣለች፤ ይኸውም ነፋሷ ነው። በከተማይቱ አካባቢ ባሉት ኮረብታዎች ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. 51 ሜጋዋት፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 153 ሜጋዋት ኃይል ማመንጨት የሚችሉ የነፋስ ተርባይኖች መተከላቸው ለዚህ ምስክር ነው። ያን የሚያህል ብረት የሚያዞር ነፋስ የሕፃን ባርኔጣ ቢወስድ አይደንቅም። እናት ይህን ስታይ ወዲያው የምታስበው ከአገጩ በታች የሚታሰር ረጅም ክር መትከል ነው። እዚህ ላይ ግን ሁለተኛው ሚዛን፣ የአንገት ሚዛን፣ ይመጣል።

ክር የሕፃን ጠላት የሚሆነው ከአንድ ነገር ጋር በተያያዘ ጊዜ ነው። የአልጋ ብረት፣ የበር እጀታ፣ የመጫወቻ መንሸራተቻ ጫፍ ክሩን ይዞ ቢያስቀረው፣ ሕፃኑ ፈትቶ ማምለጥ አይችልም፤ ድምፅም አያሰማም። በአሜሪካ አገር ከልጆች ልብስ አንገት ላይ በተንጠለጠለ ክር ምክንያት ሕፃናት ታንቀው በመሞታቸው፣ የዚያ አገር የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ኮሚሽን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. ይህን ክር ከልጆች ልብስ አንገት የሚያስቀር መመሪያ አወጣ። ስለዚህ የነፋሱ መድኃኒት ክር ሳይሆን ላስቲክ ነው። ከባርኔጣው ስድስት ቁራጮች በኋላ በኩል በሚውሉት በሁለቱ ግርጌ ላይ በውስጥ ጠባብ የጨርቅ መተላለፊያ ይሰፋና፣ 11 ሳንቲሜትር የሆነ ለስላሳ ላስቲክ ገብቶ ሁለቱ ጫፎቹ በደንብ ይጠበቃሉ። ባርኔጣው በልጁ ማጅራት ላይ ሳያጠብቅ ይይዛል። ይህ አይበቃም የሚል ሰው ቢኖር፣ ከአገጭ በታች የሚያልፈው ነገር ሁለት አጫጭር የጨርቅ ቁራጮች ይሁኑ፤ እነርሱም ሲጫኑት በሚጣበቅ፣ ሲስቡት ወዲያው በሚላቀቅ ቬልክሮ ይገናኙ። ልጁ ሲተኛና ወደ ቤት ሲገባ ባርኔጣው መውለቅ እንዳለበትም አይዘንጋ።

ይህ ጥንቃቄ ለጨሌና ለአንገት ጌጥ ሁሉ ይሠራል። የክርስትና ማተብ እንኳ ሲሳብ ቶሎ የሚበጠስ ቀጭን ክር ሆኖ፣ ከአንገቱ ልክ እጅግ ያልረዘመ ቢሆን ክብሩ አይቀንስም፤ ልጁም ይጠበቃል።

ሦስተኛው ሚዛን አፍ ነው። «ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለው ያባቶች ብሂል ስለ ትምህርት የተነገረ ቢሆንም፣ ስለ አሻንጉሊት ቢነገርም እውነት ነው። ሕፃን የያዘውን አይለቅም፤ የያዘውንም ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሠራ መጫወቻ የሚፈተንበት የታወቀ የመለኪያ ቱቦ አለ፤ የአፉ ስፋት 3 ሳንቲሜትር ከ2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከመጫወቻው የተነጠለ ቁራጭ በዚያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከገባ በሕፃን ጉሮሮም ሊገባ ይችላል ማለት ነው። በቤት ውስጥ ይህን ለመሞከር የመጸዳጃ ወረቀት የተጠቀለለበት የካርቶን ቱቦ ይበቃል፤ እርሱ በመጠኑ ስለሚሰፋ ፈተናው የጠበቀ ይሆናል።

ስለዚህ የጨርቅ አሻንጉሊት ሲሰፉ ለዓይኑ ቁልፍ ወይም ዶቃ አይትከሉ፤ ዓይኑም አፉም በጥልፍ ይሠራ። ሁለት አንድ ዓይነት ቁራጮች ቆርጠው ፊትና ፊታቸውን ያጋጥሙና፣ በየ2 ወይም በየ3 ሚሊሜትሩ ወደ ኋላ እየተመለሱ ዙሪያውን ይስፉ፤ 5 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ክፍት ይተዉ። ከዚያ ገልብጠው በንጹሕ የተባዘተ ጥጥ ይሙሉትና ቀዳዳውን በድርብ ክር ይዝጉ። በመጨረሻም እጁንና እግሩን በሙሉ ኃይል ይሳቡ። ዛሬ በእርስዎ እጅ ያልተነቀለ ነገር ነገ በሕፃኑ ጥርስ በቀላሉ አይነቀልም። በጥጥ የተሞላ አሻንጉሊት ሲታጠብ ውስጡ ቶሎ ስለማይደርቅ በብርቱ ፀሐይ ላይ እየገላበጡ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ የአዳማ ፀሐይም ለዚህ አያንስም።

በሞጆ ብዙ የቆዳ ፋብሪካዎች ስላሉ ከቆዳ ቁራጭ አሻንጉሊት ልስፋ የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ቆዳ ለጫማና ለቦርሳ መልካም ነው፤ ነገር ግን በፋብሪካ የሚለፋው በኬሚካል ስለሆነ፣ ሁሉን ለሚያኝክ ሕፃን ጥጥ ይሻላል። የቀድሞዎቹ የእጅ ጥበብ ሰዎች ይህን በመሰለ ነገር አስተዋዮች ነበሩ። አንቀልባን ይመልከቱ፤ ከለሰለሰ ቆዳ ተሠርቶ በዛጎልና በጨሌ ሲያጌጥ፣ ጌጡ የሚሰፋው ወደ ውጭ በሚታየው ገጽ ነው። ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ አፉ ወደ እርሷ ስለሚዞር ጌጡ ከአፉ ይርቃል።

ትንሽ ስፌት ትልቅ ነገር እንደሚያፈራ ለማስታወስ አንዲት ጀርመናዊት ሴት እንጥቀስ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1847 ዓ.ም. ጊንገን በምትባል ከተማ የተወለደችው ማርጋሬቴ ሽታይፍ በሕፃንነቷ በያዛት በሽታ እግሮቿ ሽባ ሆነው ቀሩ፤ ቀኝ እጇም ደከመ። ሆኖም ስፌት ተምራ በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከተጨመቀ ሱፍ ጨርቅ በዝሆን መልክ የመርፌ መሰኪያ ሠራች። ልጆች ግን መርፌ መሰኪያነቱን ትተው መጫወቻ አደረጉት፤ ከዚያም በስሟ የሚጠራው የአሻንጉሊት ፋብሪካ ተወለደ። ሕፃናት የሚወዱትን የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው፤ ከእኛ የሚጠበቀው መርፌው በውስጡ አለመቅረቱን ማረጋገጥ ነው።

ይህንም የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ በያዘችው በአዳማ የልብስ ስፌት ሥራ እንግዳ አይደለም፤ ሥራቸውን በጥንቃቄ በሚሠሩ የልብስ ፋብሪካዎችም አንድ መርፌ ቢሰበር ስብርባሪው ሁሉ ተለቅሞ ካልተገኘ ልብሱ አይለቀቅም። በቤትም እንዲሁ ይሁን። ሥራውን ሲጀምሩ መርፌዎችዎን ይቁጠሩ፤ ሲጨርሱም እንደገና ይቁጠሩ። እንዲሁም ዓመት ያልሞላው ሕፃን በሚተኛበት ጊዜ አሻንጉሊትም ሆነ ትራስ ከአጠገቡ መነሣት አለበት፤ ፊቱን ሸፍኖ ትንፋሹን ሊያግደው ይችላልና።

አንድ ስጦታ ቀርቶናል፤ እርሱም ከሁሉ የሚያንስ ይመስላል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ወባ እስከ ዛሬ የሕፃናት ጠላት ናት። የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትነድፈው በምሽትና በሌሊት ስለሆነ፣ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ለሕፃን ታላቅ ጋሻ ነው። ነገር ግን አጎበሩ በአልጋው ጠርዝ እየተያዘ ይቀደዳል፤ ትንኟም በቀዳዳው ትገባለች። በመርፌና በክር ቀዳዳውን ሰብስቦ መስፋት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ከቢሮ ሲመለሱ የልጅዎን አጎበር ወደ መብራት ዘርግተው ይመልከቱ። አጎበሩን ቆርጦ የአሻንጉሊት ልብስ ማድረግ ግን ጋሻን አፍርሶ ጌጥ መሥራት ነው።

መርፌ የሴቶች ዕቃ ብቻ ነው የሚል አባት ቢኖር፣ የሚለብሰውን ሸማ የሠራለትና ካፖርቱን የሰፋለት ብዙውን ጊዜ ወንድ መሆኑን ያስብ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በሚመጣው በዓል ወደ አራስ ቤት በሚሄዱበት ጊዜ ይዘውት የሚገቡት ባርኔጣ ወይም አሻንጉሊት ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ስፌቱም እንደ ፋብሪካ ስፌት ቀጥ ያላለ ሊሆን ይችላል። ለቆዳው የለሰለሰ፣ ለአንገቱ የማያሰጋ፣ ለአፉም የተፈተነ ከሆነ ግን፣ እናቲቱ ያለ ሥጋት ለልጇ የምትሰጠው ስጦታ እርሱ ነው።