ፈረሱ ደባርቅ፣ ሐኪሙ ጎንደር

ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርቴል በ1944 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ነፍሰ ጡር ሳለች ፖሊዮ ያዛት፤ ከጉልበቷ በታች ሽባ ሆና ቀረች። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ድሬሳዥ በሚባለው የፈረስ ግልቢያ ውድድር ሴቶች ከወንዶች ጋር እንዲሰለፉ በተፈቀደበት በመጀመሪያው ኦሊምፒክ፣ ሄልሲንኪ ላይ የብር ሜዳሊያ ወሰደች። ፈረስ ላይ የምትወጣው በሰው ድጋፍ ነበር፤ ወደ ሽልማቱ መድረክ ደግፎ ያወጣትም ወርቁን ያሸነፈው ስዊድናዊ ነው። ስለ ሕክምና ግልቢያ የሚጽፍ ሁሉ ከእሷ ይጀምራል፤ እኔም ከልማዱ አልወጣሁም። በ1969 በብሪታንያም በአሜሪካም የአካል ጉዳተኞች ግልቢያ ብሔራዊ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ በ1996 ስፖርቱ ፓራሊምፒክ ገባ።

ነገሩ ልጅን ፈረስ ላይ አስቀምጦ ማስደሰት ብቻ አይደለም። ፈረስ በዝግታ ሲራመድ ጀርባው የተቀማጩን ዳሌ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወስደዋል፤ በመጠኑም ያዞረዋል። ሰው በእግሩ ሲሄድ ዳሌው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ በሚባለው የአንጎል ጉዳት ምክንያት ሄዶ የማያውቅ ልጅ ፈረስ ላይ ሲሆን ወገቡ የመራመድን ሥራ ይለማመዳል፤ ላለመውደቅ ሲታገልም የሆዱና የጀርባው ጡንቻዎች ይጠነክራሉ። በ2003 የታተመ ጥናት እንዲህ ያሉ 15 ልጆችን ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን ለ8 ደቂቃ ፈረስ ላይ፣ ግማሾቹን ለዚያው ያህል ጊዜ በማይነቃነቅ በርሜል ላይ አስቀመጠ። የጡንቻቸው ሚዛን ይበልጥ የተስተካከለላቸው ፈረስ ላይ የነበሩት ናቸው። በ2015 ደግሞ ኦቲዝም ያለባቸው 127 ልጆችና ወጣቶች የተሳተፉበት ጥናት ወጣ፤ ለ10 ሳምንታት የጋለቡት፣ ፈረስ ሳይነኩ ስለ ፈረስ ብቻ ከተማሩት ይልቅ ቁጡነታቸው ቀንሶ ተገኘ። ይሁንና ከእነዚህ ጥናቶች ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው። ፈረስ ሽባን ይተረትራል የሚል ቢመጣ አትመኑት።

የሕክምና ግልቢያ ማዕከል የሚባለው ምን ይመስላል? በአንድ ልጅ ዙሪያ አራት ሰው ይሰለፋል፤ ፈረሱን የሚስብ አንድ፣ በግራና በቀኝ የልጁን ጭን ይዘው የሚሄዱ ሁለት፣ እንቅስቃሴውን የሚመራ ባለሙያ አንድ። ልጁ በተሽከርካሪ ወንበሩ የእንጨት መወጣጫ ላይ ወጥቶ፣ የራስ ቁር አጥልቆ፣ ከፈረሱ ጀርባ ጋር እኩል ሆኖ ይሻገራል። ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀመጣል። ባለሙያው ኳስ ያቀብለዋል፣ እጁን ወደ ላይ ያዘረጋዋል፣ አንዳንዴም ፊቱን ወደ ጭራው አዙሮ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ለወጣቶቹ የበለጠ ዋጋ አለው ባይ ነኝ፤ ፈረሱን መቦረሽ፣ ሰኮናውን መጥረግ፣ ድርቆሽ ማቅረብ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያጥቡትና ሲያጎርሱት የኖረ ወጣት በተራው ሌላ ፍጥረት የሚንከባከበው እዚህ ነው። ፈረሱም ይደክማል፤ ሚዛኑን የማይጠብቅ ሰው መሸከም ከባድ ስለሆነ በቀን ከጥቂት ልጆች በላይ አይጫንበትም።

አሁን ወደ ሰሜን ተራሮች እንምጣ። በደባርቅ፣ በዳባትና በጃናሞራ ደጋ ፈረስና በቅሎ መኪናም አምቡላንስም ናቸው። ከደባርቅ ተነስቶ በጨነቅ አልፎ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ያለውን የቧሂት በር ተሻግሮ ጃናሞራ የሚገባው መንገድ ጥርጊያ ነው፤ ከመንገዱ የራቀው መንደር ሁሉ በኮቴ ነው የሚደረሰው። የታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያም ወደ ጠበልም የሚሄደው ወይ በቃሬዛ ወይ በበቅሎ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ከተቋቋመ ወዲህ ደግሞ ቱሪስት መጫን የደባርቅ ባለ በቅሎዎች እንጀራ ሆነ። ልምዱ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ገደል ላይ ፈረንጅ ተሸክሞ የማይደነግጥ እንስሳ መርጠው ያውቃሉ። ኮሮናና ጦርነት ተከታትለው ጎብኚውን ሲያስቀሩት ከእንጀራው የጎደለባቸውም እነሱ ናቸው።

ይሁን እንጂ የአገራችን ፈረሰኛ የሚያደንቀውና ሕክምናው የሚሻው አንድ አይደለም። እኛ የምንወደው ሰጋር በቅሎን ነው፤ ውሃ የሞላ ብርሌ ቢያዝ የማይፈስበትን። ለሕክምናው ግን ያ ልስላሴ ጥቅም የለውም፤ የሚፈለገው ዳሌን በደንብ የሚያወዛውዝ ተራ እርምጃ ነው። ጉግስ የለመደ ፈረስማ ከነጭራሹ አይታሰብም። ኮርቻውም እንዲሁ ነው። ፊቱና ኋላው ከፍ ያለው የእንጨት ኮርቻችን ወገብ ይደግፋል፣ ነገር ግን የፈረሱን ሙቀትና እንቅስቃሴ ያግዳል፤ ስለዚህ ወፍራም ምንጣፍና መያዣ ያለው ቀበቶ ይመረጣል። የደጋ ፈረስ ቁመቱ አጭር መሆኑ ግን እዚህ ላይ ጸጋ ነው፤ ጎን ለጎን የሚሄደው ደጋፊ ክንዱን ሳያንጠራራ ልጁን ይይዛል።

የጎደለው ባለሙያው ነው እንዳይባል፣ ጎንደር ቅርብ ናት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል፤ ከ2005 ጀምሮም ማኅበረሰብ አቀፍ የተሃድሶ ፕሮግራም ይዞ አካል ጉዳተኛ ልጆችን በየቤታቸው ይከታተላል። የቤት ለቤቱ ሥራ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኛው ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማ ሆኖ ተመዘገበ፤ በ2011 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ ሪፖርት ግን ኢትዮጵያን 17.6 በመቶ አላት። የአለካኩ ልዩነት እንዳለ ሆኖ፣ ከጓዳ ሳይወጣ ሳይቆጠር የቀረ ልጅ ጥቂት አይደለም።

እንግዲህ ፈረሱ አለ፣ ሳቢው አለ፣ ሐኪሙም ከደባርቅ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይርቅም። የሚቀረው ማገናኘት ነው፤ የተለሰለሰ ሜዳ፣ መወጣጫ፣ ጥቂት የራስ ቁሮችና ለባለ በቅሎዎቹ የጥቂት ሳምንት ሥልጠና። የሕንፃ ጨረታ ማውጣት አያስፈልግም። የዩኒቨርሲቲው የፊዚዮቴራፒ ክፍልና የደባርቅ ባለ በቅሎዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ፣ ሥራው በአራት ፈረስ ሊጀመር ይችላል።

እስከዚያው ለወላጆች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ልጄን ይጠቅመው እንደሆነ ብላችሁ በራሳችሁ ፈረስ ላይ አታውጡት። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው አንዳንድ ልጆች የአንገታቸው አጥንት መገጣጠሚያ የላላ ነው። የዳሌው አጥንት የወለቀ፣ የሚጥል በሽታው በመድኃኒት ያልተገታ፣ ወይም ስፓይና ባይፊዳ በሚባለው የአከርካሪ ክፍተት ምክንያት መቀመጫው ደንዝዞ ቁስል የያዘ ልጅም ፈረስ ይጎዳዋል። አስቀድማችሁ ሐኪም አሳዩት።