ከዘር እስከ መሶብ፦ የምግብ ሉዓላዊነት በሰሜን ወሎ

አንድ ሕዝብ የሚበላውን የመምረጥ፣ የሚዘራውን የማስቀረት፣ መሬቱንና ውኃውን በራሱ ሥርዓት የማስተዳደር ሥልጣን ሊኖረው ይገባል የሚለው አሳብ በዛሬው ዘመን «የምግብ ሉዓላዊነት» ተብሎ ይጠራል። አሳቡን በዓለም አደባባይ ያሰማው ቪያ ካምፔሲና የተባለው ዓለም አቀፍ የገበሬዎች ንቅናቄ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1996 የዓለም የምግብ ጉባኤ በሮማ በተደረገበት ወራት ነው፤ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላም በማሊ አገር በኒዬሌኒ ስም በተጠራ ጉባኤ የተሰበሰቡ ገበሬዎች፣ አርብቶ አደሮች፣ ዓሣ አስጋሪዎችና ነባር ሕዝቦች አስፍተው ተረጐሙት። ይሁን እንጂ ነገሩን ከጉባኤ ቃል ወደ ማሳ አውርዶ ለማየት የሚሻ ሰው ከወልድያ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ይዞ በስሪንቃ፣ በመርሳና በግራና ያለውን የሀብሩን አራሽ ኑሮ ቢመረምር፣ ከጉባኤዎቹ ሁሉ እጅግ የቀደመ የዘር፣ የውኃና የእህል ሥርዓት ያገኛል፤ ያ ሥርዓት በተናጋ ጊዜ የደረሰውንም መከራ አብሮ ያገኛል።

ሀገሩና አዝመራው

ወልድያ የደጋውና የቆላው መገናኛ ናት። ወደ ምዕራብ ሲወጡ ገብስና ባቄላ የሚያበቅለው የመቄትና የላስታ ደጋ አለ፤ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ሲወርዱ ደግሞ እስከ አፋር ጠረፍ የሚዘልቀው፣ ዋና ከተማው መርሳ የሆነው የሀብሩ ወረዳ ይገኛል። በሀብሩ ጤፍ፣ በቆሎና ሽምብራ ይዘራሉ፤ የእህሉ ሁሉ ራስ ግን ማሽላ ነው። ማሽላ ብቻውን ወይም ከጤፍ ጋር ተቀይጦ እንጀራ ይሆናል፤ ቂጣው፣ ገንፎው፣ ንፍሮውና ጠላው ከእርሱ ነው፤ እሸቱ ተጠብሶ ይበላል፤ ጥንቅሹ ይመጠጣል፤ አገዳው የከብት መኖ፣ የምድጃ ማገዶ፣ የቤትም መሥሪያ ይሆናል። ስለዚህ አንድን የማሽላ ዝርያ መልካም ነው ወይም አይደለም ብሎ የሚፈርድ ሰው ፍሬውን በሚዛን ሲያስቀምጥ የቤቱን ጣራና የበሬውን ግርግም አብሮ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

የዘር ሀብት

ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ዞሮ ካየ በኋላ አገራችንን የዓለም አዝርዕት ከተገኙባቸው ማእከላት አንዷ አድርጎ ቈጥሯታል። የወሎ ማሽላ ለዚህ ቃል ጥሩ ምስክር ነው። ጅጉርቲ፣ ደጋሊት፣ ወተት በጉንጬ እየተባሉ በየስማቸው የሚታወቁት ዝርያዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የአፈር፣ የዝናብና የጣዕም ጠባይ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ማሽላ ሲመረምሩ፣ ላይሲን የተባለው ለሰውነት ግንባታ የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር እጅግ የበዛባቸውን ሁለት ዝርያዎች አገኙ፤ ሁለቱም ከወሎ ምድር የተወሰዱ ነበሩ። የወሎ ገበሬ ግን እነዚህን መሰሎቹን ዝርያዎች ለእሸት ጥብስ ብሎ ከሌላው ማሽላ መካከል እየዘራ፣ ቤተ ሙከራ ሳያውቃቸው ጠብቆ አቆይቷቸዋል።

የአጠባበቁ ብልሃት በቅርብ ሲታይ እንዲህ ነው፦ አጨዳ ሳይጀመር ባልና ሚስት በማሳው መካከል እየተዘዋወሩ፣ ራሱ የሞላውን፣ ፍሬው ያልሳሳውን፣ አገዳው የጠናውን ይመርጣሉ፤ የተመረጠውም ከነራሱ ታስሮ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ የየዕለቱ ጢስ እያጠነው ከነቀዝ ይጠብቀዋል። የሚበላው እህል ወደ ጎተራ ወይም ወደ ጉድጓድ ይገባል፤ ዘሩ ግን ከእሳት በላይ በቤቱ እመቤት ዓይን ሥር ይከርማል። ዘር የጎደለው ቤት ከጎረቤት ይበደራል፣ ወይም በሌላ እህል ይለውጣል።

የዝርያው መብዛት የመድኅን ሥራም ይሠራል። የበልጉ ዝናብ በጊዜው ከጣለ ገበሬው በሚያዝያ ወይም በግንቦት ረጅሙንና ቆይቶ የሚደርሰውን ማሽላ ይዘራል፤ በልጉ ከቀረ እስከ ሐምሌ ታግሦ ፈጥኖ ወደሚደርሰው ማሽላ፣ ወደ ጤፍ ወይም ወደ ሽምብራ ይዞራል። አንድ ዓይነት ዘር ብቻ በእጁ ያለው ሰው ግን ሰማዩ ፊቱን ባዞረበት ዓመት ሌላ መውጫ የለውም።

ውኃና የጋራ ሥራ

በቆላው ምድር ከደጋው ተንደርድሮ የሚወርደው ጎርፍ ጥፋትም ነው፣ በረከትም ነው። የአገሩ ሰው በድንጋይና በእንጨት ርብራብ እየጠለፈ ወደ ማሳው ይመልሰዋል፤ ወንዝ ባለበትም ቦይ እየቀደደ ያጠጣል። ተጠቃሚው የመረጠው የውኃ አባት ተራ ይሰጣል፣ ቦይ የሚጠረግበትን ቀን ይቈርጣል፣ ተራ የነጠቀውንና ከጠረጋ የቀረውን ይቀጣል፤ ጠብ ሲነሣም ሽማግሌዎች ይጨመራሉ። እርሻውና አጨዳው በደቦና በወንፈል፣ የሐዘኑ ቀን በቅሬ ይሸፈናል፤ ዝናብ በዘገየ ጊዜም ክርስቲያኑ በምህላ፣ ሙስሊሙ በዱዓ አንዱን ፈጣሪ ይለምናሉ። በመስኖ የሚለማው የመርሳና የግራና መሬት ፍራፍሬና አትክልት አብቅሎ ለመንገደኛና ለከተማ ይሸጣል፤ ነገር ግን የሽንኩርቱና የቲማቲሙ ዘር በአብዛኛው ከሱቅ የሚገዛ ስለሆነ፣ በማሽላው የነበረው የዘር ባለቤትነት በአትክልቱ ማሳ ላይ የለም።

ረኀብ በእህል መካከል

የወሎ ስም በዓለም የተሰማው በረኀብ መሆኑ ልብ የሚያሳዝን ነገር ነው። የ1966 ዓ.ም. ረኀብ ብዙ ሺሕ ነፍስ ካጠፋ በኋላ የሕንዱ የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ በዚያ ወራት የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይጫን ነበር። የጎደለው የገበሬው የመግዛት አቅም ነበር፤ ማሳው ደረቀ፣ ከብቱ በርካሽ ተሸጠ፣ በእጁ የሚለውጠው ነገር አልቀረም። የአፋሩም አርብቶ አደር የአዋሽ ዳር የበጋ ግጦሹን ለጥጥ እርሻ ተነጥቆ ስለ ነበር ድርቁ በብርቱ ጎዳው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም የኢትዮጵያን ገጠር ለረኀብ መጋለጥ በመረመሩበት ሥራቸው፣ ገበሬውን ከጥሪት ያራቆተውን ሥርዓት ዋና ተጠያቂ አድርገዋል።

የ1977 ዓ.ም. ረኀብ ደግሞ ሌላ ጉዳት ጨመረ፤ ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ዘር ወርዶ ተበላ። ሰው ከሞት ቢተርፍ የሚዘራው የአባቶቹ ዝርያ አልተገኘም። በዚህ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የእፅዋት ዘረመል ማእከልና መሪው ዶክተር መላኩ ወረደ ታላቅ ሥራ ሠሩ፤ ከወሎና ከሸዋ ገበሬዎች ጋር ሆነው የአገሩን ዝርያ በማሳ ላይ የመጠበቅና የመመለስን ሥራ አስጀመሩ፤ ዶክተር መላኩም እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በፔሩ አገር በኩስኮ አጠገብ የኬችዋ ሕዝብ ድንቹን የሚጠብቅበት ሥርዓት ከዚህ ጋር ይዛመዳል፤ እነዚያ መንደሮች እ.ኤ.አ. በ2004 ከዓለም አቀፉ የድንች ማእከል ጋር ተዋውለው ከማሳቸው የጠፉትን ዝርያዎች አስመልሰዋል።

ምርምር፣ እርዳታና ሕግ

በሀብሩ ወረዳ የሚገኘው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማእከል ፈጥነው የሚደርሱ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣት ይታወቃል፤ ግራና-1 የተባለው ስሙን ከዚያው አገር ወስዷል። አቀንጭራ የተባለውን የማሽላ ጠላት የሚቋቋሙት ጎብየና አብሽርም ለዚህ አካባቢ ገበሬ ብርቱ ረዳት ናቸው። ሆኖም እንዲህ ያለው ፈጥኖ የሚደርስ አጭር ዝርያ አገዳው ያንሳል፤ ቀድሞ ሲደርስም ግሪሳ ወፍ ይረባረብበታል፤ ስለዚህ ገበሬው አዲሱን ከነባሩ ጋር ጎን ለጎን ቢዘራ ማስተዋል ነው እንጂ እልከኝነት አይደለም።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት የተባለው የምግብ ዋስትና መርሐ ግብር የእርከን ሥራን ከእህልና ከገንዘብ ክፍያ ጋር አስተሳስሮ ብዙ ቤተ ሰብ ጥሪቱን ሳይሸጥ ክፉውን ወራት እንዲያልፍ ረድቷል፤ የተራቆተውንም ተራራ አልብሷል። ነገር ግን ከሩቅ በሚመጣ ስንዴ የሚታለፍ ዓመት ከሞት ያድናል እንጂ የሥልጣንን ጥያቄ አይመልስም። በሕግ በኩል አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረ ሰቦች በዘረመል ሀብታቸውና በነባር ዕውቀታቸው ላይ ያላቸውን መብት ደንግጓል። የሕጉ አስፈላጊነት በጤፍ ታይቷል፤ በ1997 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር የተዋዋለው የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት ይዞ ነበርና፣ የሄግ ፍርድ ቤት በ2011 ዓ.ም. የሆላንዱን ፓተንት እስኪሽረው ድረስ ክርክሩ ዘለቀ።

በቅርቡ ዘመንም ፈተናው አልቀለለም። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የበረሃ አንበጣ ለአጨዳ የተቃረበውን ማሽላ በላ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ወልድያና መርሳ ደርሶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከረመ። እንዲህ ባለው ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ጎተራና የዘር ቋት ነው፤ ስለዚህ መልሶ ማቋቋም ሲታሰብ ከዱቄቱ ጋር የአገሩ ዘር አብሮ መታሰብ አለበት።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በሰሜን ወሎ ረኀብ የገባው ዝናብ በቀረ ቁጥር ሳይሆን፣ ዝናቡ ሲቀር ገበሬው በእጁ ዘር፣ ውኃ፣ መሬት ወይም መግዣ ባጣ ጊዜ ነው። ስለሆነም በየቀበሌው የዘር ቤት ቢቋቋም፣ የውኃ አባቶች ሥርዓት በሕግ ቢከበር፣ የስሪንቃ ሊቃውንትና በመርሳ ግብርና የሚማሩ ወጣቶች ከገበሬው ጋር በአንድ ማሳ ላይ ቢመክሩ፣ የወሎ አራሽ ከተረጂነት መዝገብ ወጥቶ የሲሳዩ ጌታ ይሆናል፤ ለዚህም የሚያበቃው ዕውቀት ዛሬም በእጁ አለ።