ልጅዎ እንግሊዝኛ እያወቀ ለምን ዝም ይላል?

በሰዋስው ፈተና ጥሩ ውጤት የሚያመጣ ልጅ “ተናገር” ሲባል አንገቱን ይደፋል። ብዙ ጊዜ የሚይዘው “ይስቁብኛል” የሚል ፍርሃት ነው። ከ9ኛ ክፍል ወዲያ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን ደግሞ ያልገባውን እንኳ ሳይጠይቅ ያልፋል።

ለዚህ የሚረዳ አንድ ዘዴ የሚና ጨዋታ ነው፤ እንደ ዕቃ ዕቃ ጨዋታ ማለት ነው። አንዱ ተማሪ ሐኪም፣ ሌላው ታማሚ ይሆናል። ሐኪሙ ካልጠየቀ፣ ታማሚውም ካልተናገረ ጨዋታው አይሄድም። ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆነው በአንድ ጊዜ ሲያወሩ ቆሞ የሚስቅ አይኖርም። መምህሩም መሐል ገብቶ አያርምም፤ ስህተቱን መዝግቦ መጨረሻ ላይ ያስረዳል።

ቤትም ይሞክሩት። ልጅዎ ባለሱቅ ይሁን፤ እርስዎ ስኳር ይግዙ፣ ዋጋ ይከራከሩ። እንግሊዝኛዎ ቢሰባበር አይጨነቁ፤ ወላጁ ተሳስቶ ሲስቅ ያየ ልጅ መሳሳትን አይፈራም።