በአይሮፕላን መንገደኞች ሻንጣ ውስጥ ስለሚገኙ ነገሮች

ሰው ከአገሩ ወጥቶ ሩቅ መንገድ ሲሄድ ስንቅ መቋጠሩ የቆየ ልማድ ነው። ቀድሞ በበቅሎና በእግር የሚጓዘው በሶውንና ዳቦ ቆሎውን በስልቻ ይዞ ይወጣ ነበር። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያው አይሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ከበረረ ወዲህም ስልቻው በሻንጣ ተለወጠ እንጂ ስንቁ አልተለወጠም።

ዛሬ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ሮም የሚሄደው መንገደኛ በሚዛኑ ፊት ሻንጣውን ሲከፍት ለተመለከተው ሰው፥ ከልብሱ ይልቅ በርበሬው፥ ሽሮው፥ ድርቆሹና እንጀራው በዝቶ ይታያል። አንዳንዱማ ካፖርቱን በኮቱ ላይ ደርቦ፥ ለልብስ የተፈቀደለትን ክብደት ለበርበሬ ያውለዋል። እናት ለልጇ የላከችው ጀበናም በነጠላ ተጠቅልሎ ይገኛል። ይህን አይቶ የሚስቅ የውጭ አገር ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ ከአሥር ዓመት በላይ ከአገሩ ተለይቶ የኖረ ሰው ያን የበርበሬ ከረጢት ሲፈታ ምን እንደሚሰማው እርሱ ከወዴት ያውቀዋል?

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ጠበል ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በእንግሊዝ አገር በፈሳሽ ፈንጂ አይሮፕላን ለማጥፋት የተመከረው ሤራ ከተደረሰበት በኋላ፥ መንገደኛ በእጁ ይዞት የሚገባው ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ እንዲሆን በብዙ አገሮች ተደነገገ። ስለዚህ ለታመመ ዘመድ ከእንጦጦ ማርያም የተቀዳው ጠበል ከፍተሻው በር ሳያልፍ ሲቀር ይታያል። ፈታሹም ሕግ አስከባሪ እንጂ ሃይማኖት ነቃፊ አይደለም፤ ጠበሉ በደኅና ታሽጎ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር ቢገባ ኖሮ ይህ ሁሉ ኀዘን ባልሆነም ነበር። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ መንገደኛ ከሌላ አገር ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዳይገባ የተከለከለ ስለ ሆነ፥ ቋንጣውና ንጥር ቅቤው ባሕር ተሻግሮ ከሄደ በኋላ ይወረሳል።

እስከዚህ ድረስ ያለው የቤት ጉዳይ ነው። የአገር ጉዳይ የሚሆነው በእነዚህ ከረጢቶች መካከል የብራና መጽሐፍ ተደብቆ ሲገባ ነው። የመፈተሻው መሣሪያ ብረታ ብረቱን በሰማያዊ፥ ከእንስሳና ከዕፅዋት የተገኘውን በብርቱካን ቀለም ያሳያል። ስለዚህ የነሐስ መስቀል ቶሎ ይለያል፤ ብራናው ቆዳ፥ ገበታውም እንጨት በመሆኑ ግን መጽሐፉ ከሽሮው ጋር አንድ ቀለም ይዞ ይታያል። ቅርጹን አስተውሎ ሻንጣውን የሚያስከፍተው የፈታሹ ትጋት ነው። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ከልክሏል፤ አዋጁም ቢሆን በበሩ ላይ የቆመውን ሰው ዓይን ይፈልጋል።

ነገሩ የተጋነነ የሚመስለው ቢኖር የጨለቆት ሥላሴን ዘውድ ያስብ። የክርስቶስና የሐዋርያት ሥዕል ያለበት ይህ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዘውድ፥ እ.ኤ.አ. በ1998 በሆላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ፥ በአቶ ሲራክ አስፋው ቤት ከመጣ እንግዳ ሻንጣ ውስጥ ተገኘ። አቶ ሲራክም ዘውዱ ከቤታቸው እንዳይወጣ ከልክለው 21 ዓመት ያህል ሸሽገው ጠበቁት፤ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ለአገሩ ተመለሰ። ከጨለቆት ተነሥቶ እዚያ እስኪደርስ ስንት ሹም የቆመበትን በር አልፎ ይሆን?

መጽሐፍ ደግሞ ከዘውድ ይልቅ በቀላሉ ይጠፋል። ሊቃውንቱ እንደሚያውቁት፥ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የየትኛው ደብር እንደ ሆነ የሚናገር ቃል ከነግዝቱ በቅጠሉ ላይ ይጻፍበታል፤ ሌባውም አስቀድሞ የሚፍቀው ያንኑ ነው። ሊፍቀው የማይችለው በሌላ ስፍራ የተቀመጠውን ፎቶግራፍ ነው። በዋሽንግተን የሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በእጁ የነበረውን አንድ የብራና መጽሐፍ በጥር 2008 ዓ.ም. ለደብረ ሊባኖስ ገዳም ሊመልስ የቻለው፥ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት በገዳሙ ሳለ በማይክሮፊልም ተነሥቶ ስለ ነበረ ነው። መጻሕፍታቸው ፎቶግራፍ ያልተነሡላቸው ገዳማትና አድባራት ዛሬም ብዙ ናቸው፤ ከእነዚያ አንዱ ነገ ከሽሮ ከረጢት ሥር ቢያዝ፥ ለየትኛው ደብር እንደሚመለስ ፈታሹም ሆነ ጉምሩኩ የሚያመሳክርበት ነገር አይኖረውም።