«አትሳደብ» በፈረንጅ አፍ

እንግሊዝኛ አስተማሪዎቻችን ያላስተማሩን ነገር ቢኖር ስድብ ነው። እሱንስ ፊልሙ አስተማረን! ስድብን በጨዋ ደንብ ማስቆምን ግን ትምህርት ቤቱም ፊልሙም አላሳየንም።

አንዲት የማውቃት ወጣት ጸሐፊ በዚሁ ጣጣ እንጀራዋን ልታጣ ነበር። የውጭ ዜጋ የሆነው አለቃዋ ስልክ በተቋረጠበት ቁጥር ጸያፍ ቃል ይለቃል። አንድ ቀን ቢመራት «ዶንት ኢንሰልት ሚ!» አለችው። ሰውየው ክው አለ። «መቼ ሰደብኩሽ?» ብሎ ተቆጣ፤ ተኮራረፉ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም እውነት አላቸው። እኛ ሰው ለይቶ የሰደበውንም፣ ዝም ብሎ አፉን የሚያበላሸውንም «ተሳደበ» እንላለን። እንግሊዝኛው ግን ይለያቸዋል። «ኢንሰልት» ሰውን ማዋረድ ነው። ማንንም ሳይነኩ ጸያፍ ቃል መናገር «ስዌር» ይባላል። «ስዌር» መማል ማለትም ነውና ግራ አይግባችሁ።

ታዲያ ምን ይባል? ለጓደኛ ፈገግ ብሎ «ሄይ፣ ላንጉዊጅ!» ማለት ይበቃል። «ዋች ዩር ማውዝ» ግን እናት ልጇን የምትቆጣበት፣ አለዚያም ጠብ የሚጫርበት ነው፤ ለአለቃ አይሞከርም።

ለአለቃም ለደንበኛም የሚያምረው «ዉድ ዩ ማይንድ ናት ስዌሪንግ፣ ፕሊዝ?» ነው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ከ«ማይንድ» በኋላ «ቱ ስዌር» አይባልም። «ናት» ቦታዋን ለቃ «ዉድንት ዩ ማይንድ ስዌሪንግ?» ካላችሁ ደግሞ ጉድ ፈላ፤ አትሳደብ ማለቱ ቀርቶ «መሳደብ አይከብድህም?» ብሎ መጠየቅ ይሆናል። ሰውየው «ኖ» ብሎ ቢመልስም አትደንግጡ፤ «አይከብደኝም፣ እተዋለሁ» ማለቱ ነው።

ይህም ከከበዳችሁ ነገሩን ወደ ራሳችሁ አዙሩት፦ «አይም ናት ኮምፈርተብል ዊዝ ዛት ካይንድ ኦፍ ላንጉዊጅ።» እንዲህ ዓይነቱ ቃል አይመቸኝም እንደ ማለት ነው። ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት ሳይሆን ለብቻው ስታገኙት ንገሩት። በሰው ፊት ከሆነ የቱም እንግሊዝኛ አያድናችሁም።

ቃሉ በቀጥታ ወደ እናንተ ከተወረወረ ግን ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ «ኢንሰልት» ቦታውን አገኘ። «ዶንት ቶክ ቱ ሚ ላይክ ዛት» በሉት፣ ረጋ ብላችሁ። «ፕሊዝ»ም አያስፈልገውም።