የቬኑስና የማርስ መጋጠም በሥነ ፈለክና በኮከብ ቆጠራ

«ኮከባቸው ገጠመ» ወይም «ኮከባቸው አልገጠመም» የሚለው አነጋገር በአማርኛ ስለ ባልና ሚስት ዘወትር ይነገራል። ይሁን እንጂ ኮከብ ገጠመ ሲባል የሥነ ፈለክ ሊቅ አንድ ነገር፣ የጥንቱ ኮከብ ቆጣሪ ሌላ ነገር፣ የአገራችን ደብተራም ሦስተኛ ነገር ያስባል። ሦስቱ ቃሉን ቢጋሩም ነገሩን እንደማይጋሩ የቬኑስና የማርስ ምሳሌ ይገልጻል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

በሥነ ፈለክ መጋጠም ማለት ሁለት ፕላኔቶች ከምድር ሲታዩ በአንድ አቅጣጫ መዋላቸው ነው፤ የአቅጣጫ እንጂ የቦታ መቀራረብ አይደለም። በፌብሩዋሪ 2015 ቬኑስና ማርስ በምዕራብ ሰማይ ግማሽ ዲግሪ ያህል፣ ማለት ሙሉ ጨረቃ ለዓይን የምትሰፋውን ያህል ብቻ ተራርቀው ታዩ። በእውነቱ ግን ማርስ ከቬኑስ ወዲያ ከ100 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅ ነበር።

ቬኑስ ፀሐይን በ225 ቀን፣ ማርስ በ687 ቀን ይዞራሉ። ቬኑስ ከምድር ይልቅ ለፀሐይ የቀረበች ስለሆነች፣ ከፀሐይ ከ47 ዲግሪ ገደማ በላይ ርቃ አትታይም። ስለዚህ ማርስን የምታገኘው እርሱ ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ሲቀርብ ነው፤ ይህም በአማካይ ከሁለት ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ይመላለሳል። ቬኑስ ወደ ኋላ የምትመለስ መስላ በምትታይበት ወራት ግን መጋጠሙ ሊደጋገም ይችላል፤ በ2015 በፌብሩዋሪ፣ በሴፕቴምበርና በኖቬምበር ሦስት ጊዜ ሆኗል።

በኦክቶበር 1590 ጀርመናዊው የሒሳብ መምህር ሚካኤል ሜስትሊን ቬኑስ ማርስን ስትጋርድ ተመለከተ። ደቀ መዝሙሩ ዮሐንስ ኬፕለር በ1604 ባሳተመው የብርሃን ጥናት ይህንኑ ጠቅሶ፣ የታየው የቬኑስ ነጭነት እርስዋ ለምድር የቀረበች መሆኗን እንደሚያመለክት ጻፈ። ለሊቁ መጋጠም እንዲህ ያለ የርቀት ማስረጃ ነው።

ለኮከብ ቆጣሪው ግን መጋጠም የሁለት ጠባዮች መገናኘት ነው። በባቢሎን ቬኑስ የኢሽታር፣ ማርስም የመቅሠፍት አምላክ የኔርጋል ነበሩ፤ ምልክታቸውም በይበልጥ ለንጉሡና ለአገሩ ይተረጎም ነበር። በ2ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው በጥሊሞስ ቬኑስን ደግ፣ ማርስን ደረቅና ጎጂ አድርጎ መደበ። ለማርስ ሐመልንና አቅራብን፣ ለቬኑስ ሚዛንንና ሰውርን ቤት አድርጎ ሲሰጥ፣ ቤቶቻቸው በዙሪያው ፊት ለፊት ተቃረኑ። በሉቅያኖስ ስም የሚታወቀው የኮከብ ቆጠራ ድርሰትም፣ ሆሜር የተረከው የአፍሮዲቴና የአሬስ ፍቅር ከሁለቱ ኮከቦች መጋጠም የመነጨ ነው ይላል።

ይህ ትምህርት ወደ ኢትዮጵያ ሲደርስ የመጣበትን መንገድ በስሙ ላይ አትሞ ነው። በአውደ ነገሥት ቬኑስ ዝሁራ፣ ማርስም መሪኅ መባላቸው ከዐረብኛ መወሰዱን ያስረዳል። አሠራሩ ግን ተለውጧል። የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ፊደላት ወደ ቁጥር ተመልሰው ይደመራሉ፤ ድምሩ በ12 ተገድፎ የቀረው ኮከቡን ያመለክታል። ለዚህ ሥራ ወደ ሰማይ ማየት አያስፈልግም፤ ዝሁራና መሪኅ በዚያች ሌሊት ቢገናኙም ባይገናኙም ውጤቱ አንድ ነው።

እንግዲህ የደብተራውን ሐሳብ በሰማይ እንቅስቃሴ መመርመር ያልተናገረውን እንደ መጠየቅ ይቆጠራል። ባቢሎናዊው ከሰማይ ያነበበውን ደብተራው ከስም ያነባል። ስም ደግሞ የትውልድና የእናት ምስክር ነው። ስለዚህ ሁለት ወጣቶች «ኮከባችሁ አልገጠመም» ተብለው ጋብቻቸው ሲከለከል፣ አጥኚው ሊመረምረው የሚገባው የዝሁራን መንገድ ሳይሆን፣ የሁለቱን ቤተ ሰቦች አሳብና ስሞቹን የቆጠረውን ሰው ሥልጣን ነው።