የመውደቅ ጉዳት፦ ሕክምናውና የካሣ ማስረጃው

ከዳሞታ ተራራ ግርጌ በምትገኘው ወላይታ ሶዶ የክረምት ጭቃ አዳልጦት የሚወድቅ ሰው ብዙ ጊዜ እጁን ዘርግቶ ስለሚያርፍ የእጅ አንጓው ለስብራት ይጋለጣል፤ በአረጋውያን ላይ ደግሞ የዳሌ ስብራት ያሰጋል። ብዙ ተጎጂዎች በቅድሚያ የሚሄዱት ወደ ወጌሻ ነው። ይሁንና ባበጠ እጅ ላይ የጠበቀ እሥር የደም ዝውውርን ይገታል። ጣቶች ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ሕመሙ ከበረታ እሥሩ ወዲያውኑ ተፈትቶ ተጎጂው ወደ ሆስፒታል ካልተወሰደ፣ ጉዳቱ እስከ ጋንግሪንና እስከ እጅ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል።

መዘግየቱ የካሣ ጥያቄንም ያዳክማል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 2028፣ በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ ያዛል፤ ክሱም በአንቀጽ 2143 መሠረት በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ወቅቱን የጠበቀ የሕክምና ማስረጃ የጉዳቱን ቀንና መጠን ስለሚያስረዳ፣ ፈጥኖ መመርመር አካልንም መብትንም ይታደጋል።